በሰው እግር የሄደው ቤቴ

ባለፈው ወር የልጅ ልጄ ቤዛ ራሷን ችላ ልትኖር እንጅባራ ላይ ቤት ተከራየች። ሥራ ከያዘች ገና ሁለተኛ ደመወዟ ነው። እኔም ዳንግላ ቁጭ ብዬ ከምጨነቅ ብዬ፣ እቃዋን የጫነው አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ገብቼ አብሬያት ሄድኩ። ልጅቱ ሁሉን ነገር በስልኳ አስልታዋለች፤ የቤቱን ቅድሚያ ክፍያ፣ የደላላውን፣ የመኪናውን፣ የፍራሹን፣ የመጋረጃውን፣ የሲሊንደሩን። "እምዬ፣ አንድም የቀረ ነገር የለም" እያለች መንገዱን ሙሉ ስታሳየኝ መጣች። እንጅባራ ደርሰን ከመኪናው ስንወርድ ግን ጫኝና አውራጆች ከበቡን። አልጋው ለብቻ፣ ፍሪጁ ለብቻ፣ ፎቅ ስለሆነ ደግሞ ደረጃው ራሱን የቻለ ሒሳብ አለው። "እኛው እናወርደዋለን" ብትላቸው "እኛ እያለን እቃውን ማንም አይነካውም!" አሉ። ቤዛ እንባዋ መጣ። ያበገናት ብሩ ብቻ አልነበረም፤ ያን ያህል ተጠብባ ያሰላችው ነገር ጎዶሎ ሆኖ መገኘቱ ነው። ተከራክረው ተከራክረው ተስማሙና አንዱ ጎረምሳ ቁም ሳጥኑን ለብቻው አዝሎ ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ከሳጥኑ ሥር የሚታዩት ሁለት እግሮቹ ብቻ ነበሩ። እኔ እዚያው መሀል መንገድ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። "ምነው እምዬ፣ አመመሽ እንዴ?" አለችኝ። አላመመኝም። ቤቴ ትዝ ብሎኝ ነው፤ በእግሩ የሄደው ቤቴ።

ዛሬ እንጅባራን ላየ ሰው ያኔ ምን ትመስል እንደነበር ብነግረው አያምነኝም። ስሟም ለእኛ ኮሶበር ነበር። በአንድ ጎዳና ግራና ቀኝ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ ከነሱ ኋላ የሣር ክዳኖች፣ ከሣር ክዳኖቹ ኋላ ደግሞ ዓይን እስኪደክም ድረስ ቀርከሃ። አጥሩ ቀርከሃ፣ አልጋው ቀርከሃ፣ ግድግዳው ቀርከሃ። ብርዱንስ አታንሱት! እኔ የዳንግላ ልጅ ብርድ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ኮሶበር ግን ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ ጠመኔ አልይዝም ይሉኝ ነበር። ዳንግላማ ያኔ ለእኛ የሥልጣኔ መጨረሻ ነበረች። ከገበያው በላይ ባለው መታጠፊያ ላይ የአንድ ሐጂ ሱቅ ነበረ። አቡጀዲ በክንድ ይለካል፣ ላምባ በጠርሙስ ይቀዳል፣ ስኳር በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል። መደርደሪያው ላይ አንዲት ሬዲዮ ነበረች፤ ክራር ያለበት ዘፈን ሲመጣ ሐጂ ራሳቸው ክንድ መለካቱን ትተው ጸጥ ይሉ ነበር፣ ገዢውም አብሮ ጸጥ ይላል። በሽልንግ ስንት ነገር ይገዛ እንደነበር ለቤዛ ብነግራት ሳቀችብኝ። ነጭ ሸራ ጫማ ከዚያ ሱቅ ገዝቼ ጭቃ እንዳይነካት በእጄ ይዤ በባዶ እግሬ የሄድኩበት ጊዜ አለ።

የአስተማሪነት ሥራ አግኝቼ ኮሶበር የተመደብኩት በዚያ ዘመን ነው። ትምህርት የሚሰጥበት ክፍል ራሱ ከቀርከሃ የተሠራ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ልጆቹ በአዊኛ እየተንጫጩ እኔ ዘንድ ይከመራሉ። ቋንቋው አልቸገረኝም፤ እኛ ቤት በአማርኛ ተቆጥቶ በአዊኛ መታረቅ የተለመደ ነበር። የቸገረኝ የአባቴ ነገር ነው። አባቴ ቁጡ፣ ቃላቸውን የማያጥፉ፣ ፈረስ ከጣላቸው ወዲህ ግራ እግራቸውን ሰበር የሚያደርጋቸው ሰው ነበሩ። ሴት ልጅ ብቻዋን ቤት ተከራይታ ትኖራለች የሚለው ነገር ጆሮአቸው አልገባ አለ። እናቴ ለምና፣ የንስሐ አባታችን ለምነው፣ በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ፦

"ልማር አልሽ፣ ተማርሽ። ደመወዝተኛ ልሁን አልሽ፣ ይሁን። ነገር ግን ልጄ በሰው ቤት ጥግ ተጠግታ ታድራለች ሲባል እንዳልሰማ። በጥምቀት ሰሞን መጥቼ አይሻለሁ። የራስሽ ቤት ካለሽ፣ ደግ። ከሌለሽ ግን ፈረሱ ሁለት ሰው ይችላል።"

ብመለስ የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ። ሽማግሌ የላከ አንድ የበቅሎ ነጋዴ ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ እኔ ግን ጠመኔውን ነበር የወደድኩት።

በጀት የሚባለውን ቃል ያኔ ከመንግሥት በቀር የሚያውቀው አልነበረም። የኔ በጀት የእናቴ አሮጌ መቀነት ነው። አንዱን ጫፍ ለቤት ኪራይ ቋጠርኩ፣ ወረድ ብዬ ለመኪና፣ ወረድ ብዬ ለአልጋ፣ ለፋኖስና ለላምባ፣ ለድስት፣ የመጨረሻዋን ትንሿን ቋጠሮ ደግሞ ለክፉ ቀን። ማታ ማታ ጣቴን በቋጠሮዎቹ ላይ ሳሳልፍ ራሴን እንደ ትልቅ ሰው እቆጥር ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከአጎቴ ጋር ኮሶበር ሄጄ ቤት አየሁ። አያ ፈንቴ የሚባሉ ባለርስት ከትምህርት ቤቱ በታች አንዲት ክብ የሣር ቤት አሳዩኝ። ግድግዳዋ እንደ ሰፌድ የተሰፋ ቀርከሃ፣ ክዳኗ ገና ያልጠቆረ፣ በሯ ወደ ፀሐይ። ውስጧ አንድ ኮርቻ ሠሪ ተቀምጦ ጠፍር ይስባል፤ ለመስቀል እንደሚለቅ ነገረኝ። ኪራዩ በወር አንድ ብር ከስሙኒ ነው ሲሉኝ አጎቴን በጎን አየሁት፤ እሱም አየኝ። እንዲህ ያለ ርካሽ ነገር! ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ብዬ የስድስቱን ወር ከቋጠሮው ፈትቼ ከፈልኩ።

መስቀል እንዳለፈ እቃዬን ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የጣሊያን ጭነት መኪና ላይ አስጭኜ መጣሁ። ጋቢና ለሹፌሩ ወዳጆች ስለሆነ እኔ ከላይ፣ በበርበሬ ጆንያዎች መሀል፣ ሸራ ጫማዬን ታቅፌ ነው። ለእቃውና ለራሴ የተጠየቅኩት ከቋጠርኩት ጋር እኩል ሲመጣ የተሰማኝ ኩራት እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ሳጥኔን አሸክሜ ከትምህርት ቤቱ በታች ስወርድ ቤቱ የለም። የተሳሳትኩ መስሎኝ ተመለስኩና እንደገና ወረድኩ። ክብ የሆነ ደረቅ መሬት አለ፤ መሀሉ ላይ የምድጃው አመድ አለ፤ የምሰሶው ጉድጓድ አለ። ቤቱ ግን የለም። አያ ፈንቴ ማሳቸው ውስጥ ድንች ሲቆፍሩ አገኘኋቸው።

"አያ ፈንቴ፣ ቤቱስ?"

"የቱ ቤት?"

"ያከራዩኝ ነዋ!"

ቀና ብለው በአዘኔታ አዩኝ። "እኔ ያከራየሁሽ ቦታውን ነው ልጄ። ቤቱማ የኮርቻ ሠሪው ነው። አዲስ ቅዳም ከተማ ሊኖር ሲሄድ ይዞት ሄደ።"

"ቤት ይዞ ይኬዳል እንዴ?"

"ታዲያ ለማን ጥሎት ይሂድ?" አሉኝ፤ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ።

በኮሶበር ወግ ቦታ አንድ ነገር ነው፣ ቤት ሌላ ነገር። ቤት የሠራ ሰው ሲነሳ ቤቱን ከነማገሩ ነቅሎ ያነሳል፤ ይህን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የማያውቅ የለም። ስለዚህ ለኔ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች ብሎ እንደመንገር ነው። እኔ የዳንግላ የጭቃ ቤት ልጅ፣ ቤት ከመሬት ጋር የበቀለ ነገር ይመስለኝ ነበር። ቤዛ ይህን ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፍራሹ ላይ ተንከባለለች። እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ሳጥኔ ላይ ተቀምጬ፣ አመዱን እያየሁ፣ የአባቴ ፈረስ ኮቴ ይሰማኝ ነበር።

አያ ፈንቴ አላታለሉኝም፤ "ገንዘብሽን ከፈለግሽ ድንቹን ሸጬ እመልስልሻለሁ፤ ቦታውን ከፈለግሽ ግን ማንም አይነካብሽም፣ ቤት አምጪና አቁሚ" አሉኝ። ቤት አምጪ ሲሉኝ ድስት አምጪ እንደማለት ነው የቀለላቸው። ለጊዜው እቴ ጥሩ የምትባል፣ ልጇን የማስተምርላት ቀርከሃ ሠሪ፣ "ነይ እኔ ዘንድ እደሪ" ብላ አስገባችኝ። ደግ ሴት ናት፤ ግን ይኸው አባቴ የጠሉት ነገር፣ የሰው ቤት ጥግ። የሌላ ሰው ጣሪያ ሥር ተኝቼ፣ የራሴን ቦታ ኪራይ ከፍዬ፣ አመዴ ላይ ሣር እየበቀለ ጥቅምትና ኅዳር አለፉ። ደመወዜን በተቀበልኩ ቁጥር የመቀነቱን ቋጠሮዎች እየፈታሁ አንድ ትልቅ ቋጠሮ አደረግኋቸው። አልጋው ይቅር፣ ፋኖሱ ይቅር፣ ኩራዝ ይበቃል። የሚሸጥ ቤት አለ በተባለበት ሁሉ ከትምህርት በኋላ እየሮጥኩ ሄድኩ፤ ጥርባ እስከሚባለው አገር ድረስ ሳይቀር። አንዱ ምስጥ የበላው ነው፣ አንዱ ከደመወዜ በላይ ነው።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል እቴ ጥሩ አንድ ወሬ ይዛልኝ መጣች። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከዳንግላ መንገድ በላይ ባለው መንደር ለአንዲት ባልቴት ልጃቸው የቆርቆሮ ቤት ሠርቶላቸው አሮጌው ቤታቸው ባዶውን ቆሟል። ሄድን። አሮጌ ይበሉት እንጂ ወራጁ ከጭስ ብዛት ጠቁሮ እንደ ብረት ጠንክሯል። ባልቴቷ ሠላሳ ብር ብለው ጀምረው፣ አስተማሪ መሆኔን ሲሰሙ ወደ ሃያ ወረዱ፤ "ልጄም ከቆርቆሮ ሥር ያስገባኝ በትምህርቱ ነው" አሉ። ያለኝ ሃያ ሁለት ነበር። ከፍዬ ስወጣ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ፤ ቤቴ ግን ተራራ ላይ ነው። ጥምቀት ደግሞ ደርሷል።

እዚህ ላይ ነው ልክ እንደ ቤዛ የሆንኩት። የቤቱን አሰላሁ፣ የቦታውን አሰላሁ፣ የማስነሻውን ረሳሁት። አያ ፈንቴ ዘንድ ሄጄ፣ የተማርኩ ነኝና ነገሩን በወጉ ላድርገው ብዬ፣ "ቤቱን ለሚያመጡልኝ ሰዎች በነፍስ ወከፍ ስንት ልክፈል?" አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ዶማቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

"ማንን ነው የምትከፍይው?"

"ተሸካሚዎቹን።"

"ስሚኝ ልጄ፣ ይህን ነገር ሌላ ሰው ፊት እንዳትደግሚው። ሬሳ የሚሸከም ሰው ይከፈለዋል? ቤትም እንደዚያው ነው። ቀኑን ብቻ ቁረጪ።"

"የማበላቸውስ? የቀረኝ ሁለት ብር ነው።"

"ቀኑን ብቻ ቁረጪ አልኩሽ እኮ!" ብለው ተቆጡኝ።

የዚያ አገር ሰው ቤት የሚሸከምበት ሥርዓት ነበረው፤ እቴ ጥሩ ናት ቁጭ አድርጋ ያስረዳችኝ። ግድግዳው እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ በፈረስ ይጫናል። ክዳኑ ግን አይፈርስም፤ እንዳለ ተነስቶ በሰው ትከሻ ይሄዳል። ከሥሩ የገቡት ሰዎች መንገዱን ስለማያዩ አንድ ሰው ከፊት ከፊት እየዘፈነ ይመራቸዋል፤ ድንጋይ ሲኖር ዘፈኑ ይቆማል፣ ዳገት ሲሆን ይፈጥናል። በመንገድ ያገኘው መንገደኛ ሁሉ፣ ባለ ፈረስም ቢሆን ወርዶ፣ ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም። ቤቱ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። ክዳኑ ቦታው እስኪያርፍ ድረስ የማን እንደሆነ አይጠየቅም፤ ሰው መርጦ እንደመርዳት ይቆጠራልና። ሲያርፍ፣ ከተሸከሙት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው የባለቤቱን ስም ጠርቶ ይመርቃል፤ እሱ ሳይመርቅ እህል አይቀመስም። ይህን ስትነግረኝ የምታጋንን መስሎኝ ነበር።

ለጥምቀት ዋዜማ ጥቂት ቀን ሲቀር፣ ሰማዩ እንደታጠበ ብርጭቆ የጠራ ጠዋት ነበር። ከእቴ ጥሩ ጋር መንደሩ ስንደርስ ሰው ግቢውን ሞልቶታል። የተማሪዎቼ አባቶች አሉ፤ ጨርሶ የማላውቃቸው ደግሞ ይበልጣሉ። ከገበያው ሱቃቸውን ዘግተው የመጡ እስላም ነጋዴዎች ሸሚዛቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ቆመዋል። ሴቶቹ የተቀቀለ ድንች በቀርከሃ ቅርጫት፣ የገብስ ጠላ በእንስራ ይዘው ቁልቁል ወደ ቦታዬ ወረዱ፤ ማን እንደጠራቸው ዛሬም አላውቅም። ማሰሪያው ተፈታ፣ ግድግዳው ተጠቀለለ፣ አያ ፈንቴ በአዊኛ አንድ ድምፅ አወጡ፤ ክዳኑም ከምሰሶው ላይ ተነሳ።

እናንተዬ! በዕድሜዬ ብዙ ነገር አይቻለሁ። አውሮፕላን ተሳፍሬያለሁ፣ ባሕር ተሻግሬያለሁ፣ ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ ሲባል በሬዲዮ ሰምቻለሁ። እንደዚያ ቀን አፌን ከፍቼ የቀረሁበት ቀን ግን የለም። ያ ሁሉ ሣር፣ ያ ሁሉ እንጨት፣ ጉልላቱ ላይ የተደፋው ገንቦ ሳይቀር፣ ብድግ ብሎ መራመድ ጀመረ። ሰው አይታይም። የሚታየው እግር ብቻ ነው፤ በረባሶ ያጠለቀ፣ ባዶ፣ ጭቃ የነካው፣ ቀጭኑ፣ ወፍራሙ፣ ሁሉም በአንድ ዘፈን የሚነሳና የሚወድቅ። ሲያዘነብል ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። አንድም ከነሱ ውስጥ ብር የጠየቀኝ የለም፤ አብዛኞቹ ፊቴን እንኳ አያውቁትም። እኔ የበሩን ሳንቃ ተሸክሜ ከኋላ እየተከተልኩ እንባዬ ይወርድ ነበር፤ ማበሻ እጅ እንኳ አልነበረኝም።

የመንደሩ መንገድ ከዋናው ጎዳና ጋር ሲገናኝ አንድ ፈረሰኛ ከዳንግላ በኩል ብቅ አለ። ፈረሱን ነው መጀመሪያ የለየሁት። አባቴ ካሉት ቀን ቀደም ብለው መጥተዋል። ልጮህ ፈለግሁ፣ ልደበቅም ፈለግሁ፤ ሳንቃውን እንደ ጋሻ ፊቴ ላይ አድርጌ ዳገቱ ላይ ቀረሁ። አባቴ ግን ወደ ላይ አላዩም። የሚመጣውን ክዳን ሲያዩ፣ ወጉን ከልጅነታቸው የሚያውቁ የዚህ አገር ሰው ናቸውና፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ከፈረሱ ወረዱ። ልጓሙን ለአንዲት መንገደኛ ሴት ሰጡ፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ጎንበስ ብለው ከሥሩ ገቡ። የማን ቤት ነው አላሉም። ዘፈኑ ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከእግሮቹ መሀል አንዱን ብቻ ሲፈልግ፣ ያቺ ሰበር የምትል ግራ እግር ከሌሎቹ ጋር እኩል ለመራመድ ስትጣጣር አየኋት። እኔን ሊወስዱ የመጡት አባቴ ቤቴን ተሸክመው ወደ ከተማ እየወረዱ ነበር።

ቦታው ስንደርስ ምሰሶው ተተክሎ ጠበቀን። ክዳኑ ዞረ፣ ተስተካከለ፣ አረፈ። ሰዎቹ ላብ በላብ ሆነው፣ ሣር በራሳቸው ላይ ተበትኖ፣ እየሳቁ ከሥሩ ወጡ። አያ ፈንቴ ዙሪያውን አዩና ሽበታቸውን ለይተው ለአባቴ የጠላውን ዋንጫ ሰጧቸው። "እርስዎ ይበልጣሉ፤ ይመርቁልን።"

አባቴ ተቀበሉ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ሲደክሙ ደስ የሚላቸው ሰው ነበሩ። "ባለቤቱ ማን ነው? ስሙን ንገሩኝ" አሉ።

ሴቶቹ እየገፉ ወደ ፊት አወጡኝ። ሳንቃዬን ይዤ ፊታቸው ቆምኩ። አባቴ አዩኝ። ክዳኑን ቀና ብለው አዩ፣ መልሰው እኔን አዩ። ሰው ሁሉ ለአሜን እጁን ዘርግቷል። እምቢ ቢሉ ያ ሁሉ ሰው ሳይቀምስ መበተኑ ነው፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

"የዚችን ስም አትንገሩኝ" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ነኝ ያወጣሁላት።"

አባቴ ስሜን ጠሩና መረቁ፦ እሳትሽ አይጥፋ፣ እንግዳ አይንጠፍብሽ፣ ሌባ ደጅሽን አይወቀው፣ የምትጽፊበት እጅሽ አይዛል፣ የምታስተምሪያቸው ይደጉልሽ። በእያንዳንዱ ላይ የሚሰማው አሜን ከቀርከሃው ግድግዳ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። "የምትጽፊበት እጅሽ" ሲሉ ግን እኔ አሜን ማለት አቃተኝ።

ሰው ድንቹን በልቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ ዓመት በዓል እንዲያደርሰኝ ተመኝቶ ተበተነ። ግድግዳው ቆሟል፣ ሳንቃው ገጥሟል። እቴ ጥሩ ከቤቷ ፍም አምጥታ ምድጃዬ ላይ ጥላልኝ ሄደች። እኔ ውስጥ ሆኜ እሳቱን እፍ እፍ ስል አባቴ ወደ ፈረሳቸው ሲሄዱ ሰማሁ። ኮርቻውን ፈቱ። ከዚያ ያ ሰበር የሚል እርምጃ ወደ እኔ መጣና በሩ ፊት ቆመ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሳቸው ደግሞ በሕይወታቸው ሙሉ ልጆቻቸው ያሉበት ቤት ሲገቡ ፈቃድ ጠይቀው አያውቁም። ደጁ ላይ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እንግዳ እንደሚጣራው፦

"ቤቶች!" አሉ።

"ይግቡ" አልኳቸው።